ፎቶው ሲደርቅ ለምን ይጠቀለላል?

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ። ማውራት የፈለግኩት ስለ እርጥብ ወረቀት ነው።

ጨለማ ክፍል ገብታችሁ ፎቶ ያተማችሁ ታውቁታላችሁ። ግማሽ ቀን ትለፋላችሁ፤ ፊክሰሩ፣ ማለትም ምስሉ ብርሃን ሲያገኘው እንዳይበላሽ የሚያደርገው ኬሚካል፣ እስኪለቅ 1 ሰዓት ያህል በውሃ ታጥባላችሁ፤ ከዚያ እንዲደርቅ ትታችሁት ትተኛላችሁ። ጠዋት ስትነሱ ፎቶው እንደ ቱቦ ተጠቅልሎ ይጠብቃችኋል። እኔ ላይ ይህ የደረሰው በአያቴ ፎቶ ነው። በእጄ በግድ ልዘረጋው ስል ተሰነጠቀ። ቀጭን መስመር ናት፤ ግን ከግንባሯ ተነስታ እስከ ጉንጯ ትወርዳለች። ኔጋቲቩ ስላለኝ ደግሜ አተምኩት። ያንን የተሰነጠቀውን ግን መጣል አልቻልኩም።

ነገሩን በደንብ ማየት የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። ምስሉ ያለው ወረቀቱ ውስጥ ሳይሆን ላዩ ላይ በተቀባው ጄላቲን ውስጥ ነው። ጄላቲን ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ከስሩ ያለው ወረቀት የዚያን ያህል አይኮማተርም። ስለዚህ ጄላቲኑ ያሸንፋል፤ ወረቀቱን ወደ ራሱ ይስበዋል። ፎቶ ሲጠቀለል ወደ ምስሉ በኩል የሚጠቀለለው ለዚህ ነው። እያወራሁ ያለሁት ስለ ፋይበር ወረቀት፣ ፕላስቲክ ስላልተለበጠው የፎቶ ወረቀት ነው። አርሲ የሚባለው ሁለቱም ፊቱ በፕላስቲክ ስለተለበጠ ውሃ ብዙ አይጠጣም፤ ቶሎ ይደርቃል፣ ብዙም አያስቸግርም።

የእኔ ጥፋት ችኮላ ነበር። ቶሎ ይድረስልኝ ብዬ ማራገቢያ እከፍትበት ነበር። እንዲያ ሲሆን ጠርዙ ከመሃሉ ቀድሞ ይደርቃል፤ ጉብጠቱም ይብሳል። አሁን ውሃውን በጎማ መጥረጊያ ቀስ ብዬ ከፊትም ከኋላም እጠርጋለሁ። ከዚያ ንጹሕ የፕላስቲክ ወንፊት ላይ ምስሉን ወደ ታች አድርጌ አስተኛዋለሁ። ነፋስ የለም፣ ሙቀት የለም። ትንሽ ይጎብጣል እንጂ ቱቦ አይሆንም። ሁለት ፎቶ ጀርባ ለጀርባ አድርገው በልብስ መቆንጠጫ የሚሰቅሉም አሉ፤ አንዱ ሌላውን ይይዘዋል።

ለምወደው ፎቶ ግን መስታወት ነው የምጠቀመው። የተጠረገውን ፎቶ ንጹሕ መስታወት ላይ ምስሉን ወደ ላይ አድርጌ አነጥፈዋለሁ። ውሃ ሲነካው የሚጣበቀውን የወረቀት ቴፕ አርሼ አራቱንም ጠርዝ ከመስታወቱ ጋር አያይዘዋለሁ። ሲደርቅ ጄላቲኑ ይስባል፣ ቴፑ አይለቅም፤ ፎቶው እንደ ከበሮ ቆዳ ተወጥሮ ያድራል። ጠዋት በምላጭ ቆርጬ አነሳዋለሁ። ቴፕ የነካው ጠርዝ አብሮ ስለሚቆረጥ ስታትሙ ሰፊ ነጭ ጠርዝ ተዉለት። ቴፑ ላይ ውሃ አታብዙ፤ ሙጫው ከታጠበ ሌሊት ላይ በአንድ ጎኑ ይላቀቃል፣ ያኔ ፎቶው ይጣመማል።

አንድ ነገር አደራ። ውሃ መጣጭ ወረቀት መካከል የምታደርቁ ከሆነ መጀመሪያ ፎቶውን በደንብ እጠቡት። የቀረ ፊክሰር መጣጩ ወረቀት ውስጥ ይገባና በሚቀጥለው ጊዜ ንጹሑን ፎቶ ይበክላል። እንዲህ ያለው ጉዳት የሚታየው ከዓመታት በኋላ ነው፤ ያኔ ደግሞ ማስተካከያ የለውም።

ደርቆ የተጠቀለለውስ? እንደኔ በእጅ አትታገሉት። የሙቀት ፕሬስ ያለው ሰው በሁለት ንጹሕ ካርቶን መካከል አድርጎ፣ በ80 ወይም 90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለአንድ ሁለት ደቂቃ ይጫነው፤ እንዳወጣውም ከባድ ነገር ስር ያቀዝቅዘው። ፕሬስ ከሌለ ጀርባውን በረጠበ ስፖንጅ በስሱ መዳበስና ክብደት ስር ለቀናት መተው ነው።

ሁለተኛው የአያቴ ፎቶ መስታወት ላይ ደርቆ ዛሬ ግድግዳዬ ላይ ነው፤ ቀጥ ብሏል። የተሰነጠቀውንም ባለፈው ሳምንት ጀርባውን አርሼ ከመጻሕፍት ስር አስገብቼዋለሁ። ስንጥቁ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ነገ አወጣዋለሁ።