ሚያዝያ 27 «የነጻነት ቀን» አይደለም

የተከበራችሁ አባት አርበኞች፣ የአርበኞች ልጆችና የልጅ ልጆች፣ የደብረ ማርቆስ ሕዝብ፤ እንኳን ለአርበኞች የድል ቀን አደረሳችሁ!

የድል ቀን ነው ያልኩት። «የነጻነት ቀን» የሚል ጨርቅ አደባባይ ላይ እየተሰቀለ ዝም ማለት አይገባም።

ነጻነት የሚያውጀው በቅኝ የተገዛ አገር ነው። ወጉም የታወቀ ነው፤ እንደራሴዎች ተሰብስበው ይወስናሉ፣ ምክንያቱን የሚዘረዝር ሰነድ ያጸድቃሉ፣ ይፈርማሉ፣ ለመንግሥታት ያሳውቃሉ። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1776 ጁላይ 2 ወሰኑ፣ ጁላይ 4 ሰነዱን አጸደቁ፤ አብዛኞቹ የፈረሙት ግን ኦገስት 2 ነው። እንግሊዝ ያመነችላቸው ተዋግተው በ1783 ነው። ጋና በ1957 ነጻ ስትወጣ ደግሞ ሕጉን ያወጣው የእንግሊዝ ፓርላማ ነበር።

ነገሩ የሚበላሸው እውቅናው ላይ ነው። ሃይቲን እዩ! በባርነት የኖረው ሕዝብ የናፖሊዮንን ጦር አሸንፎ ጃንዋሪ 1 ቀን 1804 ነጻነቱን አወጀ። ፈረንሳይ ሃያ አንድ ዓመት አላውቅም ብላ ቆየች። በ1825 የጦር መርከቦቿን ልካ፣ ባሪያና እርሻ ለቀረባቸው ዜጎቿ 150 ሚሊዮን ፍራንክ ካልተከፈለ እውቅና የለም አለች። ለመጀመሪያው ክፍያ ሃይቲ ከፓሪስ 30 ሚሊዮን ተበደረች፤ አበዳሪዎቹ 6 ሚሊዮኑን አስቀርተው 24 ሚሊዮን ሰጧት። የተገረፈ ለገራፊው ካሳ ከፈለ! ካሳው ኋላ ወደ 90 ሚሊዮን ቢወርድም፣ መዘዙ የሆነው ብድር ተከፍሎ ያለቀው በ1947 ነው።

1947ን ያዙልኝ። በዚያው ዓመት፣ በእኛ የካቲት 3 ቀን 1939፣ ጣሊያን በፓሪስ የሰላም ውል የኢትዮጵያን ሉዓላዊነት አምና 25 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ልትከፍል ፈረመች። ተጠያቂነቷም የሚቆጠረው ወረራው ከተጀመረበት ከኦክቶበር 3 ቀን 1935 ነው። ሃይቲ ከፋይ ሆነች፤ እኛ ተከፋዮች ሆንን። ተወረርን እንጂ ቅኝ አልተገዛንማ!

በላይ ዘለቀ ለአዲስ አገር አልተዋጋም። ጥር 12 ቀን 1933 በሱዳን ጠረፍ ኦሜድላ ላይ የተሰቀለው፣ መጋቢት 28 ንጉሠ ነገሥቱ እዚህ ሲገቡ የተውለበለበው፣ ያው የዓድዋው አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ነው። ነጻነት ለማወጅ የተቀመጠ ጉባኤ አልነበረም፤ አላስፈለገምም።

እንግሊዝ በእኛ 1934 ከኢትዮጵያ ጋር ከተዋዋለች በኋላም ኦጋዴንን ይዛ መቆየቷ ሌላ ጣጣ ነው፤ ለሌላ ቀን ይቆየን።

የከርሞው ጨርቅ ሲጻፍ «የአርበኞች የድል ቀን» ተብሎ ይጻፍ።