«አልገባኝም» ማለት የማያሳፍርበት ክፍል

(በሐዋሳ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ላይ አንድ የሒሳብ መምህር ያቀረበው ንግግር)

የተከበራችሁ ወላጆች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ውድ ተማሪዎቼ፣ እንደምን አደራችሁ! በቅዳሜ ጠዋት ሥራና ገበያችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

«የዘንድሮ ተማሪ ግድ የለውም» ሲባል ሁላችንም እንሰማለን። እኛ በመምህራን ክፍል እንለዋለን፤ እናንተም ቤት ውስጥ ትሉታላችሁ። ኋላ ወንበር ላይ ተኝቶ የሚውል አለ። ደብተር ሳይዝ የሚመጣ አለ። ከእረፍት በኋላ አጥር ዘሎ የሚፎርፍ አለ። ይህን አልክድም። ግን ነገሩ ግዴለሽነት አይመስለኝም። ልጆቹ ተስፋ ቆርጠዋል። ተስፋ መቁረጥ ደግሞ ያሳፍራል፤ ግድ የሌለው መምሰል ይቀላል።

የማስተምረው 10ኛ ክፍል ነው። መጽሐፉ ስለ ሎጋሪዝም ያወራል። እኔ ግን «አንድ ሁለተኛ ሲደመር አንድ ሦስተኛ ስንት ነው?» ብዬ ስጠይቅ «ሁለት አምስተኛ» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። የላዩን ከላዩ፣ የታቹን ከታቹ ደምረው ነው። ይህ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ነው። ልጁ ያኔ ሳይገባው አለፈ። በዓመቱ ሌላ ተጨመረበት፤ እንደገና አለፈ። ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ደግሞ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ከሰሌዳው ላይ አሳምሮ ይገለብጣል። ደብተሩን ብታዩት ደስ ይላል፤ ምን እንደጻፈ ስትጠይቁት ግን ዝም ይላል። በየቀኑ የማይገባውን ነገር ቁጭ ብሎ መስማት ለአዋቂም ይከብዳል።

የ12ኛ ክፍል ውጤቱን ታስታውሳላችሁ። ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተዛውሮ የኩረጃ ቁጥጥሩ ሲጠብቅ፣ የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ሆነ። በዚያ ዓመት ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። መሻሻል ነው። ተማሪው ግን ቁጥሩን የሚያሰላው በሌላ መንገድ ነው። «ቲቸር፣ ከመቶው 8 ካለፈ እኔ ከ92ቱ ነኝ» ይላል። ገና 10ኛ ክፍል ሆኖ!

ሰፈር ሲመለስ ደግሞ ዲግሪ ይዞ ሥራ የፈታ ወንድም ያያል። ባጃጅ የሚነዳው ጓደኛው ማታ ብር ይዞ ይገባል። «ተምሮስ?» ሲለኝ ዝም ብዬ አልገሥጸውም። ጥያቄው የእውነት ነው። የምመልስለት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ባጃጅም ብትነዳ፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ ብትቀጠር፣ ሱቅ ብትከፍት፣ ሒሳብህን ሌላ ሰው አይሥራልህ። ውልህን ራስህ አንብበህ ፈርም።

ክፍል ውስጥ የጀመርነው ትልቅ ነገር አይደለም። ክፍለ ጊዜው ሲጀምር ጥቂት ደቂቃ ወደ ኋላ እንመለሳለን፤ ክፍልፋይ፣ መቶኛ፣ የማባዛት ሠንጠረዥ። የፈተና ውጤት ጮክ ተብሎ አይነበብም። ተሳስቶ በመለሰ ልጅ መሳቅ ክልክል ነው። «አልገባኝም» ያለ ተማሪ ይመሰገናል። መጀመሪያ ማንም አልደፈረም። አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ «ቲቸር፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ አልገባኝም» ስትል፣ ከኋላ ወንበር «እኔም!» የሚል ድምፅ ተከታተለ። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። የሚተኙት ነበሩ «እኔም» ያሉት።

ወላጆች፣ እናንተን የምለምነው ብዙ አይደለም። ልጁን ከጎረቤት ልጅ ጋር አታወዳድሩት። ማታ «ስንት አመጣህ?» ከማለታችሁ በፊት «ዛሬ ያልገባህ ምንድን ነው?» በሉት። እናንተ ባትማሩም ይህን መጠየቅ ትችላላችሁ። ሴት ልጆቻችሁንም ከጓዳ ሥራ ለአንድ ሰዓት ነፃ አድርጓቸው፤ ወንድሟ ሲያጠና እሷ ዕቃ የምታጥብበት ቤት ብዙ ነው።

ከሚመጣው ቅዳሜ ጀምሮ ጠዋት ከ2፡30 እስከ 5፡00 የማካካሻ ትምህርት እንሰጣለን። ክፍያ የለውም። ትምህርቱ ከክፍልፋይ ይጀምራል፤ 12ኛ ክፍል የደረሰም ቢሆን መምጣት ይችላል። ከመውጣታችሁ በፊት የልጃችሁን ስም ለክፍል ኃላፊው አስመዝግቡ። አመሰግናለሁ።