በጋሎን 26 ዶላር፦ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ባዮፊውል ምን አተረፈ?

[ምስል፦ ከሐዋይ አቅራቢያ ሁለት መርከቦች ጎን ለጎን ይጓዛሉ። በመሃላቸው ወፍራም የነዳጅ ቱቦ ተዘርግቷል።]

ጊዜው በአውሮፓውያኑ ሐምሌ 2012 ነው። በዚህ ቱቦ ከሚያልፈው ነዳጅ ግማሹ የተለመደው ነው። ግማሹ ግን ከአልጌ፣ ከእንስሳት ስብና ካገለገለ የምግብ ዘይት የተሠራ ባዮፊውል ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል ለዚህ ሙከራ 450 ሺህ ጋሎን በ12 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ሲካፈል አንዱ ጋሎን ከ26 ዶላር በላይ ይመጣል። ያኔ ተራው ነዳጅ 4 ዶላር እንኳ አይሞላም ነበር።

ኮንግረስ ውስጥ ነገሩ ተጋጋለ። የመከላከያ በጀት እየተቀነሰ ይህ ምን የሚሉት ወጪ ነው ተባለ። ሴናተር ጆን ማኬይን ከዋነኞቹ ተቃዋሚዎች አንዱ ነበሩ። በወቅቱ የባሕር ኃይሉ ሚኒስትር የነበሩት ሬይ ማበስ በበኩላቸው የነዳጅ ዘይት ገበያውን አነሱ። የአንድ በርሜል ዋጋ በ1 ዶላር በጨመረ ቁጥር ባሕር ኃይሉ በዓመት 30 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተጨማሪ ይከፍላል አሉ።

እኔ የ26 ዶላሩ ክርክር ብዙም አያሳምነኝም። ለሙከራ በትንሹ የተመረተ ነገር ሁሌም ውድ ነው። ባሕር ኃይሉ በ2009 በገባው የሙከራ ውል የአልጌ ነዳጅ በጋሎን 424 ዶላር ገደማ ወጥቶበት ነበር። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ2016፣ ባሕር ኃይሉ 77 ሚሊዮን ጋሎን ድብልቅ ነዳጅ በጋሎን 2 ዶላር ከ5 ሳንቲም ገዛ።

ይህም ቢሆን ሙሉውን አይናገርም። በድብልቁ ውስጥ ከበሬ ሞራ የተሠራው 10 በመቶ ብቻ ነው። የግብርና መሥሪያ ቤቱም በየጋሎኑ 14 ሳንቲም ደጉሟል።

[ምስል፦ የአፍጋኒስታን የተራራ መንገድ። የነዳጅ ቦቴዎች ተሰልፈው ሲሄዱ።]

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ባዮፊውሉ የተወደደው ሞተር መቀየር ስለማይጠይቅ ነው። ያው ጋን፣ ያው ቱቦ፣ ያው ሞተር። ችግሩም እዚያው ላይ ነው። ከሞራ የተሠራው አንድ ጋሎን የሚሰጠው ጉልበት ከድፍድፍ ዘይት ከተጣራው አንድ ጋሎን ጋር ተቀራራቢ ነው። ስለዚህ ያንኑ ያህል ቦቴ ይፈልጋል። ቦቴው ደግሞ በዚያው ፈንጂ በተቀበረበት መንገድ ያልፋል።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በ2009 የወጣ የአሜሪካ ምድር ጦር ጥናት እንዳሳየው፣ አፍጋኒስታን ውስጥ በአማካይ በየ24ቱ የነዳጅ ኮንቮይ አንድ ሰው ይሞት ወይም ይቆስል ነበር። ጭነቱ ምንም ይሁን ምን፣ ባዮፊውል ይህንን ቁጥር በአንድ አይቀንሰውም።

የቀነሰው ሌላ ነገር ነው። በ2010 አንድ የአሜሪካ ማሪን ጦር ክፍል (በሻምበል ደረጃ ያለ) በሄልማንድ ግዛት ወደምትገኘው ሳንጊን ሲዘምት የሚጠቀለል ሶላር፣ ቻርጀርና ኃይል ቆጣቢ መብራት ይዞ ሄደ። እዚያ ጄኔሬተር ሌት ተቀን የሚያጓራው ለሬዲዮ፣ ለኮምፒውተርና ለመብራት ነው። ሶላሩ ሲተከል አንዱ ትንሽ ካምፕ በቀን ያቃጥለው የነበረው 20 ጋሎን ወደ 2 ጋሎን ተኩል ወረደ። ወታደሮቹም የሚሸከሙት መለዋወጫ ባትሪ ቀለለላቸው። ማታም የጄኔሬተሩ ድምፅ ያሉበትን ቦታ አያጋልጥም።

ባሕር ላይም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ማኪን አይላንድ የተባለችው መርከብ በዝግታ ስትጓዝ በኤሌክትሪክ ሞተር ትንቀሳቀሳለች። በ2009 የመጀመሪያ ጉዞዋ ብቻ 2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ ነዳጅ ቆጥባለች።

[ምስል፦ በጥቁር ጭስ የተሸፈነ የቆየ የብሪታንያ የጦር መርከብ።]

የአንድ ወታደራዊ ነዳጅ ዋጋ በምን ይለካ ካላችሁኝ፣ ዊንስተን ቸርችልን ላንሳ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ቀደም ብሎ የብሪታንያን ባሕር ኃይል ከድንጋይ ከሰል ወደ ዘይት ሲያዞሩ፣ አገራቸው የራሷ ከሰል ሞልቷት ነበር። ዘይቱ የሚመጣው ግን ከሩቅ አገር ነው። በ1914 መንግሥት በፋርስ (በዛሬዋ ኢራን) ዘይት ያወጣ የነበረውን የአንግሎ ፐርሺያን ኩባንያን አብላጫ ድርሻ እስከመግዛት ደረሰ። ግን መርከቦቹ ፈጠኑ፣ እሳት የሚቆሰቁሰው የሰው ኃይል ቀነሰ፣ ባሕር ላይ እንዳሉ ነዳጅ መሙላትም ቀለለ። ውጊያው ላይ የሚታይ ጥቅም ተገኘ። ባዮፊውል እንዲህ ያለ ጥቅም አላመጣም። የአቅርቦት አማራጭ ይጨምራል፣ ጥሩ ነው። ለሙከራው የወጣውን 12 ሚሊዮንም አልቃወምም። አሁን ሕጉ ለዘወትር ሥራ በብዛት የሚገዛ አማራጭ ነዳጅ ከተራው ጋር በዋጋ እንዲፎካከር ያስገድዳል፤ ይህም ተገቢ ይመስለኛል።

እኔ ትልቁ ገንዘብ እንዲሄድ የምፈልገው ግን ወደማይቃጠለው ጋሎን ነው። የሂሳብ መንገዱ አለ። በ2008 የወጣ ሕግ ፔንታጎን አዲስ መሣሪያ ሲያቅድ የነዳጁን ሙሉ ወጪ እንዲያሰላ ያዛል። በዚህ ስሌት ውስጥ ከማጣሪያው በር ላይ ካለው ዋጋ ሌላ፣ ቦቴው፣ ሹፌሩና አጃቢው ጦር ሁሉ ይገባሉ።