ሳሎን የሚበቃው ቴአትር

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ እኔና እናንተ ብቻ ነን። የማወራችሁ ስለ አጭር ተውኔት ነው። ተውኔት ማንበብ ፈልጋችሁ ከየት እንደምትጀምሩ የምትጠይቁኝ አላችሁ። መልሴ፣ ከአጭሩ ጀምሩ ነው። ደግሞ ብቻችሁን አታንብቡት። ሁለት ሦስት ሰው ቤት ጥሩና ጮክ ብላችሁ አንብቡት።

እኛ መሀል አዲስ አበባ ያደግን ሰዎች ቴአትር ሲባል ፊታችን የሚመጣው አዳራሽ ነው። ብሔራዊ ቴአትር ከነአንበሳ ሐውልቱ፣ ፒያሳ ላይ ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው ሀገር ፍቅር፣ ማዘጋጃ ቤት። እያንዳንዱ ቴአትር የራሱ ቀን አለው። ማክሰኞ የሚታየው፣ እሁድ የሚታየው እያልን ለወራት፣ አንዳንዱን ለዓመታት እናየዋለን። ይህን ልማድ እወደዋለሁ፤ ቤተሰብ ተሰብስቦ፣ ለብሶ፣ ተሰልፎ የሚገባበት ነገር ነው። ግን እንዲህ ያለው ሥራ ሙሉ ምሽት ይወስዳል። ብዙ ተዋናይ፣ ዲኮር፣ የወራት ልምምድና የአዳራሽ ተራ ይፈልጋል። አዲስ ጸሐፊ ተራው እስኪደርሰው የጻፈው ነገር እጁ ላይ ይቀዘቅዛል። ከመድረክ ከወረደ በኋላም ብዙው ሥራ በመጽሐፍ ታትሞ አይገኝም። ያየ አየ፣ ያላየ ቀረበት።

ቴአትራችን ራሱ ግን የጀመረው በአጭር ነው። ተክለሐዋርያት ተክለማርያም «ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮመድያ»ን ሲጽፉ አጫጭር የእንስሳት ተረቶችን ነው ወደ ተውኔት ያመጡት። የታየውም ቴራስ በሚባለው ሆቴል፣ መኳንንቱ ባሉበት ነው። መኳንንቱ አውሬዎቹ እነማን እንደሆኑ ገባቸው፣ ቴአትርም ለዓመታት ተከለከለ። አጭር ነው ተብሎ የሚናቅ ነገር እንዳልሆነ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?

እሺ፣ ወደ ዘመኑ ሰዎች ልምጣ። ከሁሉ አስቀድሜ የምሰጣችሁ የእንግሊዟን ካሪል ቸርችልን ነው። በ1938 እ.ኤ.አ. ለንደን ተወልዳ፣ ሰማንያ ዓመቷን ካለፈች በኋላም አጫጭር ተውኔቶች የጻፈች ሴት ናት። በ1997 እ.ኤ.አ. «ብሉ ሃርት» በሚል ርእስ ሁለት ባለ አንድ ገቢር ተውኔቶችን አብራ አወጣች። የመጀመሪያው «ሃርትስ ዲዛየር» ይባላል። እኔን ጠይቁኝ፣ ከአዲስ አበባ ውጭ ስለ አዲስ አበባ የተጻፈ ነው የሚመስለኝ።

ቦታው ማዕድ ቤት ነው። እናትና አባት አሉ፣ የአባትየው እህት አለች። ልጃቸው ሱዚ ከአውስትራሊያ እየመጣች ነው። አባትየው ቀይ ሹራብ እየለበሰ ይገባል፤ ልጅቷ ቆየች ይላል። እናትየው፣ ኧረ ብዙም አልቆየችም ትላለች። ጥቂት ይነጋገራሉ፣ ከዚያ ድንገት ቀጥ። እንደገና ከመጀመሪያው። አባትየው አሁን ሌላ ልብስ እየለበሰ ይገባል፣ ያው ንግግር ይጀመራል፣ ትንሽ ይገፋና ይቆማል። እንደገና። አንዴ ነገሩ ወደ ጠብ ይሄዳል፤ አንዴ የሰከረ ወንድ ልጃቸው ይገባል፤ አንዴ የታጠቁ ሰዎች በሩን ሰብረው ይገባሉ፤ አንዴ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ወፍ ይመጣል። አንድ ቦታ ላይ ንግግሩን ሁሉ በሩጫ ይሉታል፤ ሌላ ቦታ የእያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ብቻ ይላሉ። በአንዱ ዙር ደግሞ በሱዚ ፈንታ ሌላ ልጅ ትመጣለች።

አሁን ይህን ወደ ቦሌ አምጡት። ልጅ ከውጭ ልትገባ ነው። ቄጠማው ከጠዋት ተጎዝጉዟል፣ ዶሮው ከትናንት ማታ ጀምሮ ተሠርቷል። እናት ሲኒዎቹን ረከቦቱ ላይ ከደረደረች በኋላ እንደገና አንድ በአንድ እያነሳች በነጠላዋ ጫፍ ትወለውላለች። አባት ኮቱን ለብሶ፣ ሞቀኝ ብሎ አውልቆ፣ አሁን መልሶ ሊለብስ ነው። «እኛም ሄደን መቀበል ነበረብን» ይላል። «ልጆቹ ሄደው የለ? ቁጭ በል እንጂ አንተ ሰውዬ» ትለዋለች። ስልክ ይጮኻል። አርፋለች፤ ሻንጣ እየጠበቀች ነው። አባት ተነስቶ በረንዳ ይወጣል፣ ይመለሳል፣ ያንኑ ነገር ይላል። እዚያ ቤት ውስጥ የማይነሳ ስንት ነገር አለ! የላከችው ገንዘብ፣ ያልመጣችበት ለቅሶ፣ በስልክ «ደህና ነን» እየተባለ የታለፈው ሁሉ። ቸርችል የምታደርገው ይህን ነው። ሰዎቹ እየጠበቁ በውስጣቸው የሚያመላልሱትን፣ የሚፈሩትንም የሚመኙትንም፣ አውጥታ በተራ በተራ መድረክ ላይ ታቆመዋለች። ወፉ መጀመሪያ ያስቃል፤ በኋላ ግን ልጁን ለዓመታት የጠበቀ ወላጅ ምን ምን እንደሚያስብ ሳሰላስል ምንም እንግዳ ነገር አልሆነብኝም።

ከጓደኞቼ ጋር ስናነበው ጽሑፉን በእንግሊዝኛ ይዘን፣ በአፋችን እዚያው ወደ አማርኛ እየመለስን ነበር። አባትየውን ያነበበው ወዳጄ ከየት እንዳመጣው አላውቅም፣ ቁርጥ የአገራችንን አባት ድምፅ ይዞ መጣ። «ቆየች» ባለ ቁጥር ድምፁ ትንሽ ትንሽ ወደ ታች ይወርድ ነበር። ይህን ብቻዬን ሳነብ አልሰማሁትም። ተውኔትን ጮክ ብላችሁ አንብቡ የምለው ለዚህ ነው።

የእሷው «ፋር አዌይ» ደግሞ በ2000 እ.ኤ.አ. ለንደን፣ ሮያል ኮርት በሚባለው ቴአትር ቤት የታየ ነው። ረዘም ይላል፤ ቢሆንም ከአንድ ሰዓት በታች ያልቃል። የመጀመሪያውን ትዕይንት ብቻ ብታነቡ እንኳ ይበቃችኋል። ትንሽ ልጅ አክስቷ ቤት አድራ እንቅልፍ እምቢ ይላታል። ጩኸት ሰምቻለሁ ትላለች፤ አክስት ጉጉት ነው ትላለች። ልጅቷ ግን ወጥታ አይታለች። ደም ነበር ትላለች፤ ውሻ ተገጭቶ ነው ይሏታል። አጎቷን ሰው ሲመታ አይታለች። ልጅቷ በጠየቀች ቁጥር የአክስትየው ውሸት አንድ እርከን ከፍ ይላል፣ በመጨረሻም አጎትሽ ደግ ሥራ እየሠራ ነው፣ አንቺም የዚህ ነገር አካል ነሽ ወደሚል ይደርሳል። ሁለት ሰው፣ አንድ ምሽት። ልጅ ባለበት ቤት ወሬ አጥፍቶ ሌላ ታሪክ የፈጠረ አዋቂ ሁሉ ይህን ትዕይንት ያውቀዋል። እኛ ደግሞ በቅርብ ዓመታት ከልጆቻችን የሸሸግነው ብዙ ነው።

ያቺው ልጅ በኋላ አድጋ ባርኔጣ ሠሪ ትሆናለች። ባርኔጣዎቹ እጅግ ያማሩ ናቸው፤ የሚለብሷቸው ግን ለሞት በሰልፍ የሚነዱ እስረኞች ናቸው። ቸርችል በመድረክ መግለጫዋ አምስት ሰው ለሰልፉ በጣም ያንሳል፣ ሃያ ከዐሥር ይሻላል፣ መቶስ ቢሆን ትላለች። ሳሎን ውስጥ መቶ ሰው የለም። ግን አንድ ሰው ይህን መግለጫ ቀስ ብሎ ካነበበው ሰልፉ ይታያል።

የእንግሊዛዊቷን ጸሐፊ የደቢ ተከር ግሪንን «ራንደም» የምሰጣችሁ መነባንብ ለምትወዱ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. የታየ ነው። አንዲት ተዋናይት ብቻዋን እህትን፣ ወንድምን፣ እናትን፣ አባትን ትሆናለች። እንደ ማንኛውም ቀን ይጀምራል፤ መነሳት፣ ቁርስ፣ መነጫነጭ፣ ሥራ መሄድ። ከዚያ ፖሊሶች ይመጣሉ፤ ወንድምየው መንገድ ላይ በስለት ተገድሏል። ያ ሁሉ ሰው በአንድ አፍ ውስጥ መኖሩ፣ አንዱ ሲጎድል ጉድለቱን እዚያው አፍ ላይ ያሰማችኋል። እኛ አገር አንድ ሰው ብቻውን ቆሞ አዳራሽ ሙሉ ሕዝብ ማስለቀስ የቆየ ሙያ ነው፤ ይህን አማርኛ የሚያደርግ ጎበዝ ባገኝ ደስታዬ ነው።

ለጀማሪ የሚሆን ቀላል ነገር ከፈለጋችሁ የአሜሪካዊው ዴቪድ አይቭስ «ሹር ቲንግ» አለ። ወንድና ሴት ካፌ ውስጥ ይተዋወቃሉ፤ አንዱ ያልሆነ ነገር ሲናገር ደወል ይጮኻል፣ ንግግሩ ይታደሳል። ያስቃል፣ ዓይን አፋሩን ሰው አፍ ያስከፍታል። ከዚያ በላይ አልጠብቅበትም።

መጻፍ ለምትፈልጉት ደግሞ አሜሪካዊቷ ተውኔት ጸሐፊ ሱዛን ሎሪ ፓርክስ። ይህች ሴት ከኅዳር 2002 እ.ኤ.አ. ጀምራ ዓመቱን ሙሉ በየቀኑ አንድ ተውኔት ጻፈች። አንዳንዱ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። በኋላም በመቶዎች የሚቆጠሩ የአሜሪካ ቴአትር ቤቶች ተከፋፍለው አሳዩት። ሁሉም ጥሩ ነው አልላችሁም፤ ግን ተውኔት ለመጻፍ የአዳራሽ ተራ መጠበቅ እንደሌለብን አስተምራኛለች።

አንድ ሁለት ነገር ላስታውሳችሁ። የመድረክ መግለጫውን የሚያነብ አንድ ሰው መድቡ፤ «ዝም ይላሉ» የሚል ካለም እውነት ዝም በሉ፣ አትዝለሉት። ቤት ውስጥ ማንበብና ሕዝብ ፊት ማቅረብ ለየብቻ ናቸው። ቲኬት ሸጣችሁ ልታሳዩ ካሰባችሁ የጸሐፊውን ፈቃድ ማግኘት ግድ ነው።

ከእናንተ መሀል የምትጽፉ ካላችሁ ደግሞ እለምናችኋለሁ፤ ዐሥር ገጽ፣ ሁለት ሰው፣ አንድ ክፍል። ካዛንቺስ የፈረሰ ቤት ውስጥ የነበረ ክፍል ይሁን፣ ለገሀር ያለ ቢሮ ይሁን፣ የታክሲ የኋላ ወንበር ይሁን። ጽፋችሁ ላኩልኝ። ሁለቱን መርጬ፣ ተዋንያን ጓደኞቼን ጠርቼ እዚሁ ማይክራፎን ላይ እናነበዋለን። እስከዚያው ሰላም ሁኑልኝ።