እንቦጭ ያነሳው አርሴኒክ የት ይገባል?

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ ከባሕር ዳር ነው። ዛሬ ስለ እንቦጭ ነው የማወራው፤ ጣናን ስለ መውረሩ ግን አይደለም። አርሴኒክ የሚባል መርዝ ያለበትን ውኃ ያጠራል ስለሚባለው ነው። ማጥራቱ እውነት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ተክሉ ያነሳው መርዝ ከዚያ በኋላ የት ይገባል የሚለው ነው።

አርሴኒክ ሽታም ጣዕምም የለውም፣ ውኃ አያደፈርስም። ማፍላት አያጠፋውም፤ ውኃው ሲተን እንዲያውም ይከማቻል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 10 ማይክሮግራም ነው። ስለዚህ ሁሉም ነገር የሚጀመረው በላብራቶሪ ከማስለካት ነው። በአገራችን ችግሩ በይበልጥ የሚታወቀው በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ስለሆነ፣ የጎጃም ጉድጓድ ሁሉ ተመርዟል ብሎ መደናገጥ አይገባም።

አርሴኔት የሚባለው የአርሴኒክ ዓይነት ፎስፌትን ይመስላል፤ ሥሩም ፎስፌት በሚያስገባበት በር ያስገባዋል። ብዙ ሥራ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ከማሳ የታጠበ ዳፕ ወይም ኤንፒኤስ ማዳበሪያ እንቦጩ ያለበት ገንዳ ከገባ ፎስፌቱ በሩን ይይዘዋል። እንቦጩ ይለመልማል፣ አርሴኒኩ ግን ከውኃው አይወጣም።

እስቲ እናስላው። አምስት በርሜል፣ ማለትም 1000 ሊትር ውኃ፣ በሊትር 50 ማይክሮግራም ቢኖርበት፣ ወደ 10 ለማውረድ 40 ሚሊግራም መነሳት አለበት። አንድ ኪሎ ደረቅ ተክል 100 ሚሊግራም ይይዛል ብንል 400 ግራም ደረቅ ያስፈልጋል። እንቦጭ ከመቶ 95 እጁ ያህል ውኃ ነውና እርጥቡ 8 ኪሎ ይሆናል።

ገንዳው ወለሉ በሲሚንቶ የተደፈነ፣ ጥልቀቱም ከ40 ሳንቲሜትር ያልበለጠ ይሁን፤ ውኃው ሥሩን ካላገኘ አይጠራም። አብዛኛው አርሴኒክ የሚቀረው ሥሩ ላይ ነው፤ ሥሩን የሚለብሰው የብረት ዝገት አጥብቆ ይይዘዋል። ቅጠሉን አጭዶ ሥሩን መተው ስለዚህ ከንቱ ድካም ነው። ቅጠሉ ቢጫ መሆን ሲጀምር ጓንት አድርጎ ከነሥሩ ማውጣት ያስፈልጋል። ከዘገየ ይበሰብሳል፣ ውኃው ኦክስጅን ያጣል፣ ዝገቱ ይሟሟል፤ የተያዘውም መርዝ አርሴናይት የሚባለው ሌላው የአርሴኒክ ዓይነት ሆኖ ወደ ውኃው ይመለሳል። እሱ ደግሞ የባሰ መርዛማ፣ ለማጣራትም አስቸጋሪ ነው።

ሕያው እንቦጭን ከጣና ወደ ሌላ ኩሬ መውሰድን ግን በፍጹም አልደግፍም። ዘሩ ደለል ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። የተሻለው ከሐይቁ የተነቀለውን ሥር አጥቦ፣ አድርቆና ፈጭቶ መጠቀም ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣ የላብራቶሪ ጥናት፣ የደረቀው ሥር ዱቄት በሊትር 200 ማይክሮግራም ካለበት ውኃ ከ90 በመቶ በላዩን በአንድ ሰዓት እንዳነሳ አሳይቷል። በመቶኛው አትርኩ፤ ከ200 ላይ 90 በመቶው ቢሄድ 20 ይቀራል፣ ያውም የወሰኑ እጥፍ ነው። ዱቄቱን በጥቅጥቅ ጨርቅ አጥልሎ ውኃውን እንደገና ማስለካት የግድ ነው።

የተጠቀማችሁበት እንቦጭ ለከብት አይሰጥም፣ ኮምፖስት አይሆንም። ለማገዶም አይነካም፤ አርሴኒኩ በጭሱ ይወጣል። ዝናብ በማይደርስበት ጣሪያ ሥር፣ በፕላስቲክ ላይ አድርቁት፤ ከዚያ ክዳን ባለው በርሜል አሽጉት፣ በላዩም መርዝ መሆኑን ጻፉበት። የሚቀበር ከሆነ ጉድጓዱ በወፍራም ፕላስቲክ የተለበጠ፣ ጎርፍ የማይደርስበት፣ ከምንጭና ከውኃ ጉድጓድ የራቀ ይሁን።