ጀርሙ ሄዶ ሆዴ ለምን አልረጋ አለ? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ዝግጅት ስለ ተቅማጥ ስናወራ ስልኩ አላረፈም። በአየር ላይ ያልደረስንባቸውን ጥያቄዎች ጨምሬ እዚህ እመልሳለሁ። አብዛኞቹን ክሊኒክ ውስጥ በየቀኑ እሰማቸዋለሁ። አንድ ነገር ደጋግሜ ስል ካገኛችሁኝ ታገሱኝ፤ እስክትሰሙኝ ድረስ መድገሜን አልተውም።

«የዛሬ አምስት ወር ምግብ ተመርዤ ሦስት ቀን ተኛሁ። ተቅማጡ ቆመ። ከዚያ ወዲህ ግን ጠዋት ጠዋት ይቆርጠኛል፤ ሥራ እስክገባ ሦስት አራት ጊዜ ሽንት ቤት እመላለሳለሁ። ስወጣ ቀለል ይለኛል። ሰገራ ሁለት ጊዜ ተመርምሬ ምንም የለም ተባልኩ። ምን ሆኜ ነው?» (የባንክ ሠራተኛ፣ አዳማ)

እህቴ፣ የነገርሽኝ ነገር ስም አለው። አይቢኤስ ይባላል። እኔ ለታካሚዎቼ «የተቆጣ አንጀት» እላቸዋለሁ። የሆድ ኢንፌክሽን ከያዛቸው ሰዎች ከአስሩ አንዱ ገደማ ከዳነ በኋላ ይህ ይገጥመዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሌባ ግቢ ገባ እንበል። ውሻው ጮኸ፣ ሌባው ተባረረ። ውሻው ግን ከዚያ በኋላ ድመት ስታልፍም ይጮሃል፣ ቅጠል ሲወድቅም ይጮሃል። የአንጀትሽ ነርቮችና የመከላከያ ሴሎች እንደዚያ ውሻ ሆነዋል። ተራ ቁርስ ሲያልፍ እንደ አደጋ ይቆጥሩታል። በዚያ ላይ አንጀት ውስጥ በትሪሊዮን የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ። ኢንፌክሽኑ ከእነሱ ብዙዎቹን ጠርጎ ስለሚሄድ እስኪያገግሙ ጊዜ ይፈልጋሉ።

ይሄ ወሬ አይደለም። በ2000 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ካናዳ ውስጥ ዎከርተን በምትባል ትንሽ ከተማ ከባድ ዝናብ የከብት እበት ወደ ውሃ ጉድጓድ አስገባ። ከ2,000 በላይ ሰው ታመመ፣ ሰባት ሰዎች ሞቱ። ሐኪሞች የከተማዋን ሰዎች ለስምንት ዓመት ተከታተሏቸው። ብዙዎቹ ላይ የተቆጣ አንጀት ቀረ፤ ቁጥሩ ግን በየዓመቱ እየቀነሰ ሄደ። ኖርዌይ ውስጥ በርገን ከተማ ደግሞ በ2004 ጃርዲያ የሚባል የአንጀት ጥገኛ ተሕዋሲ በቧንቧ ውሃ ገባ። ከሦስት ዓመት በኋላ ታመው ከነበሩት ግማሽ ያህሉ ሆዳቸው ገና አልረጋም ነበር።

ስለዚህ አልፈጠርሽውም። ሰገራሽ ንጹሕ መሆኑም ደስ ሊልሽ ይገባል እንጂ ሊያስከፋሽ አይገባም። ጀርም ፍለጋ ከላብራቶሪ ላብራቶሪ አትዙሪ። ፈላጊ አያጣምና የሆነ ቦታ «አሜባ አለሽ» የሚልሽ ይገኛል። ከዚያ መድኃኒት ይሰጥሻል። ከዚያ ይብስብሻል።

«አይቢኤስ ቆይቶ ወደ ካንሰር ይቀየራል?» (ባህር ዳር)

አይቀየርም።

«እኔ ሹፌር ነኝ፣ መንገድ ላይ ነው የምበላው። ሆዴን ባመመኝ ቁጥር ፋርማሲ ገብቼ ሲፕሮና ፍላጀል እገዛለሁ። ሁለት ቀን ስወስድ ይተወኛል፣ የተረፈውን ኮመዲኖ ውስጥ አስቀምጣለሁ። አሁን አሁን ግን መድኃኒቱ አልሠራ ብሎኛል፤ ሆዴም ሁልጊዜ እንደተነፋ ነው። ጠንከር ያለ ምን ልውሰድ?» (ሐዋሳ)

ወንድሜ፣ ጠንከር ያለ መድኃኒት ቀርቶ ጠንከር ያለ መልስ ልስጥህ። ሲፕሮና ፍላጀል አንቲባዮቲክ ናቸው፤ ከረሜላ አይደሉም።

አንደኛ፣ «ሁለት ቀን ስወስድ ይተወኛል» ያልከው። አብዛኛው ድንገተኛ ተቅማጥ ምንም ባትወስድም በጥቂት ቀን ይተውሃል። ሰውነትህ ሥራውን ጨርሶ ሊያርፍ ሲል አንተ ክኒን ዋጥክ፤ ምስጋናውን ክኒኑ ወሰደው። ብዙ ተቅማጥ ደግሞ ከቫይረስ ይመጣል። ቫይረስ ሲፕሮን አያውቀውም።

ሁለተኛ፣ መድኃኒቱ አንጀትህ ውስጥ ሲገባ ጥሩውንና መጥፎውን አይለይም። ስንዴውንም እንክርዳዱንም አብሮ ያጭዳል። ኢንፌክሽኑ የተረፈልህን ባክቴሪያ አንተ በሲፕሮ ትጨርሰዋለህ። በተቅማጥ ጊዜ አንቲባዮቲክ የወሰዱ ሰዎች ላይ የተቆጣ አንጀት በብዛት ይታያል። ሆድህ እንደተነፋ የቀረው ለምን ይመስልሃል? ጠባቂ ባክቴሪያ ሲያልቅ ሲዲፍ የሚባል ሌላ ባክቴሪያ ቦታውን ሊይዝና ከመጀመሪያው የከፋ ተቅማጥ ሊያመጣም ይችላል።

ሦስተኛ፣ ሲፕሮ የተረከዝ ጅማት ሊበጥስ ይችላል። መሪ ይዘህ ፍሬን ለምትረግጥ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም።

አራተኛ፣ ያ ኮመዲኖ። ሁለት ቀን ውጦ ማቆም ማለት ጀርሙን ገርፎ መልቀቅ ነው። የተረፉት ይጠነክራሉ። የተረፈችውን ክኒን ደግሞ አንድ ቀን ልጅህን ተቅማጥ ሲይዘው ትሰጠዋለህ፣ ወይ ጎረቤት «የሆድ መድኃኒት አለህ?» ብላ ትወስዳለች። እውነተኛው ታይፎይድ ሲመጣ ሲፕሮ አልሠራ የሚለን በዚህ መንገድ ነው።

ታይፎይድ ካነሳሁ አይቀር፦ «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ያልተባለ ሰው እዚህ አገር የለም። ታይፎይድ አለብህ የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ቪዳል በሚባል የደም ምርመራ ነው። ምርመራው የተፈለሰፈው በ1896 ነው። ከብዙ ዓመት በፊት የያዘህ ኢንፌክሽን ወይም የወሰድከው ክትባት ዛሬም ፖዘቲቭ ሊያሳይህ ይችላል። እርግጡን ማወቅ ከተፈለገ ደም ወስዶ ባክቴሪያውን ማብቀል ነው። ትኩሳት ሳይኖርህ፣ ሆድህ ስለተነፋ ብቻ ታይፎይድ ነው ከተባልክ ጥያቄ ጠይቅ።

አንቲባዮቲክ ጠላቴ አይደለም። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ከትኩሳት ጋር፣ በምርመራ የተረጋገጠ አሜባ ወይም ጃርዲያ፣ እነዚህ መድኃኒት ይፈልጋሉ፤ በሐኪም ትእዛዝ፣ በመጠኑ፣ እስከ መጨረሻው። ሌላውን ጊዜ የሚያስፈልግህ ውሃ ነው። ኦአርኤስ፣ ማለትም በውሃ የሚበጠበጠውን የጨውና የስኳር ዱቄት ግዛ። አንዱን ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጠህ ቀስ እያልክ ጠጣ። ዋጋውም ከሲፕሮ ያንሳል።

አሁን ላለብህ መነፋት ምንም አትግዛ። ሆድህን ለጥቂት ወር ተወው። ካልተሻለህ የውስጥ ደዌ ሐኪም ይይህ። ኮመዲኖውን ግን ዛሬ ባዶ አድርገው።

«አንድ መለኪያ አረቄ ጀርሙን አይገድለውም ወይ?» (ደብረ ብርሃን)

አይገድለውም አባቴ። ብርዱን ለመርሳት ከሆነ አልከራከርዎትም። ፍላጀል እየወሰዱ ከሆነ ግን በአጠገቡ እንዳያልፉ።

«እንጀራ የቦካ ስለሆነ ፕሮባዮቲክ ነው ይባላል። እውነት ነው?» (ተማሪ፣ ጎንደር)

ልጄ፣ ፕሮባዮቲክ ማለት ለአንጀት የሚጠቅም ሕያው ባክቴሪያ ነው። ሊጡ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ሕያው ናቸው። ምጣዱ ላይ ግን ይሞታሉ። እንጀራ ጥሩ ምግብ ነው፣ ቃጫ አለው፤ ሕያው ባክቴሪያ ከፈለግሽ ግን እርጎ ይሻልሻል፣ ወተት የሚስማማሽ ከሆነ። ፋርማሲ የሚሸጠው የፕሮባዮቲክ ክኒን አንዳንዱን ይረዳል፣ አንዳንዱን አይረዳም። ለአንድ ወር ሞክረሽ ለውጥ ከሌለው ገንዘብሽን ለደብተር አድርጊው።

«ጾም ሲገባ ሆዴ ከበሮ ይሆናል። ሽሮና ምስር ነው የምበላው፣ ሥጋ የለበትም። እንዴት ይብስብኛል?» (የቤት እመቤት፣ አዲስ አበባ)

እናቴ፣ የሚያስቸግረው ራሱ ሽሮው ነው። ጥራጥሬ፣ ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ውስጥ አንጀት የማይፈጨው የስኳር ዓይነት አለ። እሱን ባክቴሪያዎቹ ያቦኩትና ጋዝ ያደርጉታል። ጤነኛ ሰውም ይነፋዋል፤ የተቆጣ አንጀት ግን ያንኑ ጋዝ እንደ ቁርጠት ይሰማዋል። የሽንኩርት ብዛት ደግሞ የእኛ ወጥ መሠረት ነው።

ጾሙን አይተዉ። ለሦስት ሳምንት ያህል ሩዝ፣ ድንች፣ ካሮትና ጎመን ያብዙ፤ ሽሮውን ቀነስ ያድርጉ። ነጭ ሽንኩርቱን ዘይት ውስጥ ጠብሰው ያውጡት፤ ሽታው ዘይቱ ላይ ይቀራል፣ ጋዝ የሚያመጣው ግን ወደ ዘይት አይገባም። ቀይ ሽንኩርቱን ግን ወጥ ውስጥ አብስሎ ማውጣት አይሠራም፤ ወጥ ውሃ ስላለው ጋዝ የሚያመጣው ይቀልጥበታል። ከዚያ አንድ በአንድ እየመለሱ የትኛው እንደሚያስቸግርዎ ይዩ። ሌላው ሆድ የሚነፋ ነገር ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ አንዴ ጠግቦ መብላት ነው። ከፋፍለው ይብሉ። እባክዎ «ጾም ሊገባ ነው» ብለው ቀድመው ፍላጀል እንዳይወስዱ፤ ያደረጉ እናቶች ስላሉኝ ነው። ከረሜላ አይደለም ብያለሁ።

«ለገና አገር ቤት ሄጄ ታምሜ ተመለስኩ። ሁለት ወር ሆነኝ። እዚህ ያለው ሐኪም ጭንቀት ነው አለኝ። ያመመኝ ሆዴን ነው እንጂ ጭንቅላቴን አይደለም!» (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ)

መናደድሽ ገብቶኛል። መጀመሪያ ለሐኪምሽ ከኢትዮጵያ እንደመጣሽ ንገሪውና ጃርዲያ ይፈልግልሽ። አንድ ናሙና ሊያመልጠው ስለሚችል በተለያየ ቀን ሦስት ቢሰጥ ይሻላል።

ንጹሕ ከሆነ ግን ሐኪሙን ሙሉ በሙሉ አትኮንኚው። አንጀትና አእምሮ በነርቭ የተሳሰሩ ናቸው። ይህን ለአበሻ ማስረዳት ከባድ መሆን አልነበረበትም። «ሆዴ ባባ»፣ «አንጀቴ ተቃጠለ» የምንለው እኛ አይደለን? ሕመሙ እውነተኛ ነው፤ ጭንቀት ብቻውን አይፈጥረውም፣ ድምፁን ግን ከፍ ያደርገዋል። ለድብርት የሚታዘዝ መድኃኒት በጣም በትንሽ መጠን ከሰጡሽ አትደንግጪ፤ የአንጀት ነርቭ ያረጋጋል። ከእህትሽ ተውሰሽ አትጀምሪው ብቻ።

«ዕድሜዬ 58 ነው። እኔም አይቢኤስ ያለብኝ ይመስለኛል። ተቅማጡ ሌሊት ከእንቅልፍ ያስነሳኛል፣ ስድስት ኪሎ ቀንሻለሁ። አልፎ አልፎ ደም አያለሁ፤ ኪንታሮት ነው ብዬ ቅባት ገዛሁ።» (ጅማ)

አይቢኤስ ክብደት አይቀንስም። ከእንቅልፍ የሚያስነሳ ተቅማጥ አያመጣም። ደም አያመጣም። በዚህ ዕድሜ አዲስም አይጀምርም ብለን ነው የምናስበው፣ ሌላው ሁሉ እስኪጣራ ድረስ። ኪንታሮት ሊሆን ይችላል፤ ላይሆንም ይችላል። በስልክ የማውቀው ነገር የለም፤ አንጀትዎ በመሣሪያ መታየት አለበት። ቅባቱን ይተዉና ሆስፒታል ይሂዱ። ሰኞ አይበሉኝ፤ ነገ ጠዋት።