ስልኩ ሲቋረጥ ማን መልሶ ይደውል?

ስልክ እያወራችሁ መስመሩ ተቋረጠ እንበል። መልሳችሁ ትደውላላችሁ፤ ተይዟል። ለምን? ያም ሰው እየደወለላችሁ ነዋ! እሺ ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። እሱም እየጠበቀ ነው። ከዚያ መጠበቁ ሁለታችሁንም ይሰለቻችሁና እኩል ትደውላላችሁ፤ ደግሞ ተይዟል።

እዚህ ጋ ጠብ የለም፤ ሁለታችሁም ማውራት ነው የምትፈልጉት። ጣጣው ሳትነጋገሩ መስማማት ስላለባችሁ ነው። እና ብዙ ሰው "መጀመሪያ የደወለው ይደውል" ይላል። ማንም አልደነገገውም፤ ግን ቀድሞ ጭንቅላት ውስጥ የሚመጣው እሱ ነው። በጌም ቲዎሪ (የአንዱ ምርጫ ውጤት በሌላው ምርጫ ላይ ሲመሠረት ሰዎች እንዴት እንደሚወስኑ የሚያጠናው ዘርፍ) እንዲህ ያለው ነገር ፎካል ፖይንት ይባላል።

ሐሳቡን ያመጣው ቶማስ ሼሊንግ ነው፤ በ2005 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ ኖቤል የተሸለመው። ሰዎችን እንዲህ ብሎ ጠየቀ፦ ኒውዮርክ ውስጥ ከአንድ ሰው ጋር ልትገናኙ ነው፣ ቦታውን ግን አልተነጋገራችሁም፣ መደዋወልም አይቻልም፤ የት ትሄዳላችሁ? ያን በሚያህል ከተማ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ግራንድ ሴንትራል ባቡር ጣቢያ፣ መረጃ መስጫው ጋ አሉ። ሰዓቱንማ ሁሉም ለማለት ይቻላል እኩለ ቀን አደረጉት። (በነገራችን ላይ የተጠየቁት የኒው ሄቨን ከተማ ሰዎች ናቸው፤ ከዚያ የሚነሳው ባቡር የሚያደርሰው ግራንድ ሴንትራል ነው። ከሌላ አገር የመጣ ቱሪስት ሌላ ቦታ ሊል ይችላል።)

አሁን አንድ ቁጥር ምረጡ፣ የፈለጋችሁትን። በ1994 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት እንዲህ የተባሉት ሰዎች መልስ ብትንትን ያለ ነበር፤ ከሌሎቹ በለጥ ብሎ የተመረጠው 7 ነው። "ከሌላው ሰው ጋር የሚገጥም ቁጥር ጻፉ" ከተባሉት ግን 40 በመቶ ያህሉ 1 ብለው ጻፉ። ድንገት 1ን ወደውት አይመስለኝም። 7 ብል እሱ 10 ሊል ይችላል። 1 ግን መጀመሪያ ነው፤ ይህን እሱም ያውቃል፣ እኔ እንደማውቅም ያውቃል። ለእኔ የነገሩ ውበት እዚች ጋ ነው።

ወደ ስልኩ እንመለስ። የደወላችሁት እናንተ ናችሁ፣ የተቋረጠው ደግሞ ሂሳባችሁ አልቆ ነው። እናንተ ይህን ታውቃላችሁ። እሱ አያውቅም። "እሱ ነው የደወለው፣ መልሶ ይደውላል" ብሎ ስልኩን እያየ ቁጭ ብሏል።